ነዳጅ የማይጠይቀው መንኮራኩርና የ3 ሺህ ብር ቀብድ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው፡፡ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን ስንጫወት፣ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተጠጋና «ጋሼ፣ እስቲ ይህቺን ነገር ይመልከቷት» አለኝ፡፡ ተመለከትኳት፡፡ በእንጨት ማቆሚያ ጫፍ ላይ የተቀመጠች የሽቦ መንኮራኩር ትሽከረከራለች፡፡ የሚነካት ሰው የለም፤ ባትሪ አይታይም፤ ሞተር የለም፡፡ «ስስስ…» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል፡፡ ከስሩ የተጻፈው ጽሑፍ ግን ይጮኻል፡- «ከአየር ኃይል የሚስብ፣ ነዳጅ አልባ ጀነሬተር! 5 ኪሎ ዋት! መብራት ጠፋ ማለት ቀረ!»

ልጁ እየቀለደ አልነበረም፡፡ 12ኛ ክፍልን ከጨረሰ ወዲህ ሞባይል ጥገና ቤት እየሰራ ያጠራቀማት ገንዘብ አለችው፡፡ «ባለሙያ ነኝ» የሚል አንድ ሰው አሰራሩን ሊያስተምረውና ዕቃዎቹን ሊነግረው 25 ሺህ ብር ጠይቆታል፡፡ 3 ሺህ ብር ቀብድ ከፍሏል፡፡ ቀሪውን እስከ ቅዳሜ ማስገባት አለበት፡፡ ራሱ ፈልጎ እንዲያመጣ የታዘዘውን የዕቃ ዝርዝር አሳየኝ፡፡ እያነበብኩ ወርጄ 4ኛው ተራ ቁጥር ላይ ስደርስ ሲኒዬን አስቀመጥኩ፡፡ «ከአሮጌ ማይክሮዌቭ የወጣ ትራንስፎርመር፣ 1» ይላል፡፡

አልሳቅኩበትም፡፡ አልተቆጣሁትምም፡፡ ምክንያቱም እኔ በእሱ ዕድሜ ከእሱ የባስኩ ነበርኩ፡፡

የአባቴ ቴሌቪዥን

ያኔ ቴሌቪዥን ማለት ጀርባው እንደ ሻንጣ ያበጠ ትልቅ ሳጥን ነበር፡፡ ሲበራና ሲጠፋ መስታወቱ ላይ ክንዳችንን ስናስጠጋ ፀጉራችን ይቆም የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፡፡ እኔ ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት እየሰበሰብኩ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ፡፡ ከእሱ ቀጭን ሽቦ ስቤ፣ መርፌ ላይ ካስቀመጥኳት የወረቀት ሽክርክሪት አጠገብ አደረስኩት፡፡ ቴሌቪዥኑን ባበራሁና ባጠፋሁ ቁጥር ሽክርክሪቷ ግማሽ ዙር፣ አንዳንዴም አንድ ዙር ትዞራለች፡፡ የተሰማኝን ደስታ አልነግራችሁም!

ችግሩ፣ ሰው ባገኘው አይረካም፡፡ «ከመስታወቱ ውጪ ይህን ያህል ኃይል ካለ ውስጡማ ስንት ይሆን?» አልኩ፡፡ ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ቀን ካቻቢቴ ይዤ ጀርባውን ፈታሁት፡፡ ሶኬቱን ነቅዬ ስለነበር «አሁን ኮረንቲ የለውም» ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፡፡ ወፍራሙ ቀይ ሽቦ ወደሚገባበት ቦታ እጄን ሰደድኩ… ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ግድግዳው ስር ቁጭ ብዬ፣ እናቴ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ ፊቴ ላይ ውሃ ስትረጭብኝ ነው፡፡

በኋላ ፊዚክስ ተምሬ፣ ፊዚክስም አስተምሬ ነው የሆነው ነገር የገባኝ፡፡ የዚያ ዓይነት ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ምስል የሚፈጥረው ቱቦ እስከ 25 ሺህ ቮልት የሚደርስ ኃይል ይጠቀማል፡፡ የቱቦው መስታወት ከውስጥም ከውጪም በሚያስተላልፍ ነገር የተቀባ ስለሆነ ራሱ እንደ ትልቅ ኮንደንሰር ይሆናል፡፡ ሶኬቱ ተነቅሎም ያጠራቀመውን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፡፡ እኔ የነካሁት ያንን ነው፡፡

ከእስኪርብቶ ይጀምራል

ነገሩ የሚጀምረው ሁላችንም ክፍል ውስጥ ከሰራናት ጨዋታ ነው፡፡ እስኪርብቶ ፀጉር ላይ ፈትገን ወረቀት ቁርጥራጭ እናነሳ ነበር፡፡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲፋተጉ ከአንዱ ወደ ሌላው ኤሌክትሮኖች ይሻገራሉ፡፡ የተቀበለው ኔጋቲቭ፣ የሰጠው ፖዘቲቭ ይሆናል፡፡ ይህን በመማሪያ መጻሕፍት «ሙል» የሚባለውን ነገር ፕላስቲክ ስለማያስተላልፍ፣ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቀመጣል፡፡ «ስታቲክ» የሚባለውም ለዚህ ነው፡፡ በበጋ ሹራብ ስናወልቅ «ጠሽ ጠሽ» የሚለውና በጨለማ ብልጭ የሚለውም ይኸው ነው፡፡ በክረምት ግን እርጥበቱ ዕቃው ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚፈጥር ሙሉ ቶሎ ይሸሻል፡፡

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ፡፡ ደረቅ አየር በባህር ወለል ከፍታ 1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ዘልሎ ብልጭታ ለመፍጠር 30 ሺህ ቮልት ገደማ ይፈልጋል፡፡ አዲስ አበባ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ እዚህ 24 ሺህ ቮልት አካባቢ ይበቃዋል፡፡ ከሹራባችን ወይም ከመኪና በር እጀታ ላይ የሚነዝረን ብልጭታም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፡፡ ታዲያ ለምን አልሞትንም?

መልሱ ከፍታና ብዛት የተለያዩ መሆናቸው ነው፡፡ ከ4ኛ ፎቅ አንዲት ጠብታ ውሃ አናታችን ላይ ብትወርድ ቀና ብለን አይተን እናልፋለን፡፡ ከዚያው ፎቅ ሙሉ ጄሪካን ቢወርድብን ግን ሌላ ታሪክ ነው፡፡ ቮልቴጅ የፎቁ ከፍታ ነው፤ የሙሉ ብዛት ደግሞ የውሃው መጠን፡፡ የሹራቡ ብልጭታ ከከፍታ የወረደች አንዲት ጠብታ ናት፡፡ የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር የሚያወጣው 2 ሺህ ቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከበስተኋላው ግድግዳው ሶኬት ስላለ ውሃው አያልቅም፡፡ የሰውን ልብ ምት ለማዛባት ከ1 አምፔር አንድ አስረኛው በቂ ሲሆን፣ ያ ትራንስፎርመር ከዚያ በላይ ያለምንም ችግር ይሰጣል፡፡ በውጭ አገር ይህንኑ ዕቃ አውጥተው እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ ለማቃጠል የሞከሩ ብዙ ሰዎች ሞተዋል፡፡ ሲኒዬን ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው፡፡

መንኮራኩሯን ማን አዞራት?

«እሺ፣ ትራንስፎርመሩ ይቅር» አለ ልጁ፡፡ «ግን መንኮራኩሯ እኮ በእርግጥ ትዞራለች! ውሸት ነው ሊሉኝ አይችሉም፡፡»

ልክ ነው፤ ውሸት አይደለም፡፡ እንዲያውም ነገሩ ከ250 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው እውነት ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1740ዎቹ በጀርመኗ ኤርፈርት ከተማ ያስተምር የነበረ አንድሩ ጎርደን የሚባል ስኮትላንዳዊ መነኩሴ፣ ጫፎቿ ሹል ሆነው ወደ ጎን የታጠፉ የብረት ኮከብ ሰርቶ መርፌ ላይ አስቀመጠ፡፡ ከመፋተጊያ ማሽን ሙል ሲሰጣት ኮከቧ ከሹል ጫፎቿ በተቃራኒ አቅጣጫ መሽከርከር ጀመረች፡፡

ሚስጥሩ ሹሉ ጫፍ ነው፡፡ ሙል በድቡልቡል ነገር ላይ ሲሆን ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ በሹል ጫፍ ላይ ሲሆን ግን ይጨናነቃል፡፡ መጨናነቁ ሲበዛ አጠገቡ ያለውን አየር ይሰነጥቀዋል፤ የአየሩ ቅንጣቶች ራሳቸው ሙል ይይዛሉ፡፡ ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉና ጫፉ እነዚህን ቅንጣቶች ወደ ውጪ ይወረውራቸዋል፤ እነሱም በመንገዳቸው ያለውን አየር እየገፉ ትንሽ ነፋስ ይፈጥራሉ፡፡ «ስስስ» የሚለው ድምፅ ይህ ነው፡፡ አየሩ ወደ ፊት ሲገፋ ሽቦው ወደ ኋላ ይገፋል፤ አፏ ሳይታሰር የተለቀቀች ፊኛ እንደምትበረው ማለት ነው፡፡

ሁለተኛም ዓይነት አለ፡፡ የአሜሪካው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ በ1749 በጻፈው ደብዳቤ የገለጸው መንኮራኩር 30 የመስታወት ዘንጎች ነበሩት፡፡ በየዘንጉ ጫፍ ልብስ ሰፊዎች ጣታቸው ላይ የሚያጠልቁት ዓይነት የናስ ቆብ ተሰክቷል፡፡ በግራና በቀኝ ተቃራኒ ሙል የያዙ ሁለት «የላይደን ጠርሙሶች» (የዘመኑ ኮንደንሰሮች ናቸው) አቆመ፡፡ ቆቡ በአንዱ ጠርሙስ ይሳባል፤ ሲቀርበው በብልጭታ የእሱኑ ሙል ይቀበላል፤ ወዲያው ይገፋል፤ ሌላኛው ደግሞ ይስበዋል፡፡ እንዲህ እየተቀባበሉ መንኮራኩሩን በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ጊዜ አዞሩት፡፡ 100 የስፔን የብር ሳንቲሞች ቢጫንበት እንኳን የዘገየ አልመሰለውም፡፡ ፍራንክሊን በዚህ መዘውር የቱርክ ዶሮ እየገለበጠ ለመጥበስ አስቦ ነበር!

ያው ፍራንክሊን «ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ» ያለውን ሌላ መንኮራኩርም ሰርቷል፡፡ የእህቴ ልጅ ይህን ስም ሲሰማ ዓይኑ በራ፡፡ ግን መንኮራኩሩ አስቀድሞ በማሽን የተሞላ የራሱ ኮንደንሰር ነበረው፡፡ ለግማሽ ሰዓት ገደማ ይዞርና ያጠራቀመው ሲያልቅ ይቆማል፡፡ ፍራንክሊን ከአየር የመጣ ነፃ ኃይል ነው ብሎ ለማንም አልሸጠውም፡፡

ከቤተ ሙከራው ጥግ

ክርክር ከሙከራ አይበልጥም ብዬ፣ ረቡዕ ቀን ልጁን ይዤ ቀድሞ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ፡፡ ከቤተ ሙከራው ጥግ አቧራ የጠጣች አንዲት የዊምስኸርስት ማሽን ነበረች፡፡ ሁለት ክብ ሰሌዳዎች በእጅ መዘውር በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ ሙል የምታጠራቅም፣ እስከ 50 ሺህ ቮልት የምትደርስ ዕቃ ናት፡፡ ኃላፊውን አስፈቅደን፣ አቧራዋን ጠርገን፣ እርጥበቷን በፀጉር ማድረቂያ አስለቅቀን እስክትሰራ 2 ሰዓት ፈጀብን፡፡ ከዚያ «ጠሽ!» አለች፡፡ ሁለት ጎረምሶች እንደሆንን ቆጥረን ሳቅን፡፡

ከሽቦ የሰራናትን ባለ ሁለት ክንድ መንኮራኩር መርፌ ላይ አስቀምጠን ከማሽኗ ጋር አገናኘን፡፡ ዞረች! ቪዲዮው ላይ እንዳለችው አድርጋ ዞረች፡፡ ቀጥሎ ሦስት ጥያቄ ጠየቅናት፡፡

አንደኛ፣ ሽቦውን ከአንዱ የማሽኗ እግር ወደ ሌላው አዛወርን፤ ፖዘቲቭ የነበረው ኔጋቲቭ ሆነ፡፡ ልጁ «አሁን ወደ ኋላ ትዞራለች» ብሎ ነበር፡፡ አልዞረችም፤ በዚያው በቀድሞው አቅጣጫ ቀጠለች፡፡ ለምን? አቅጣጫዋን የሚወስነው የሙሉ ዓይነት ሳይሆን ሹሉ ጫፍ የዞረበት ስለሆነ ነው፡፡

ሁለተኛ፣ መንኮራኩሯን በእንጨት ይዘን አቁመን የበራ ሻማ ከጫፏ ፊት ለፊት አስቀመጥን፡፡ ነበልባሉ እፍ እንደተባለ ሁሉ ዘንበል አለ፡፡ ነፋሱ በዓይን ታየ ማለት ነው፡፡

ሦስተኛ፣ ማሽኗን አቁመን፣ ያጠራቀመችውን አስለቅቀን፣ ሹል ጫፎቹ ላይ የሻማ ሰም አንጠባጥበን አድቦለቦልናቸው፡፡ መልሰን መዘውሩን አዞርን፡፡ ያው ማሽን፣ ያው ቮልት… መንኮራኩሯ ግን ከመንቀጥቀጥ በቀር አልሄደችም፡፡ ልጁ መዘውሩን እስኪያልበው አሽከረከረ፡፡ ዝም፡፡ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ስለዚህ ነፋስ ነው» አለ፡፡ እኔ አልነገርኩትም፤ ራሱ ነው ያለው፡፡

የሂሳቡ ጉዳይ

ሰው ይህን ነፋስ ሌላ ነገር መስሎት የተሳሳተው ዛሬ ብቻ አይደለም፡፡ ቶማስ ታውንሴንድ ብራውን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1928 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያገኘው፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ እንቅስቃሴ የሚፈጥር መሣሪያ ነው ብሎ ነው፡፡ እሱም ሆነ ተከታዮቹ ከመሬት ስበት ጋር የተያያዘ አዲስ ኃይል አገኘን ብለው አመኑ፡፡ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በየአገሩ ያሉ አማተሮች ከአልሙኒየም ፎይልና ከቀጭን ሽቦ ሦስት ማዕዘን እየሰሩ በአየር ላይ ያንሳፍፉ ጀመር፡፡ እ.ኤ.አ በ2004 ማርቲን ታይማር የተባለው ኦስትሪያዊ ተመራማሪ በጥንቃቄ ለክቶ የደረሰበት ድምዳሜ፣ የኤሌክትሪክ ነፋሱ በስህተት እንደ ሌላ ኃይል ተተርጉሟል የሚል ነው፡፡

ነፋሱ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ በ2018 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ ስቲቨን ባሬትና ባልደረቦቹ ክንፉ 5 ሜትር፣ ክብደቱ 2.45 ኪሎ ግራም የሆነ፣ አንድም የሚሽከረከር ነገር የሌለው አውሮፕላን በ40 ሺህ ቮልት 60 ሜትር ያህል አብርረዋል፡፡ ታሪካዊ ነገር ነው፡፡ ሆኖም አውሮፕላኑ ባትሪ ተሸክሞ ነበር፤ ከባትሪው ኃይል ወደ በረራ የተለወጠውም 2.6 በመቶ ብቻ ነው፡፡ በዓለም ከታወቁ ተቋማት አንዱ በምርጥ መሐንዲሶቹ ያገኘው ይህንን ነው፡፡

ወደ ቤታችን ማሽን እንመለስ፡፡ 50 ሺህ ቮልት ትልቅ ቁጥር ነው፡፡ የምትሰጠው ጅረት ግን ከ1 አምፔር ሚሊዮን ቦታ ተከፍሎ 20ው ያህል ነው፡፡ ሁለቱን አባዙት፤ 1 ዋት ይመጣል፡፡ አንድ ተራ የሞባይል ቻርጀር እንኳን 5 ዋት ይሰጣል! 5 ኪሎ ዋት ለማግኘት 5 ሺህ እንዲህ ዓይነት ማሽንና 5 ሺህ መዘውር የሚያዞር ክንድ ያስፈልጋል፡፡ ያ 1 ዋትም ቢሆን ከአየር አልመጣም፤ ከልጁ ክንድ፣ የልጁ ክንድ ደግሞ ጠዋት ከበላው ፍርፍር ነው ያገኘው፡፡ ቪዲዮው ላይ ባትሪ ያልታየውም ባትሪ ስለሌለ ሳይሆን ካሜራው ወደዚያ ስላልዞረ ነው፡፡

ልትሞክሩ ለምትፈልጉ

ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር መሞከር ከፈለጉ አትከልክሏቸው፤ ከተከለከሉ እንደ እኔ ሰው የሌለበትን ቀን ይጠብቃሉ፡፡ በእጅ ተፈትጎ ወይም በእጅ ዞሮ በሚመጣ ትንሽ ሙል ይጀምሩ፡፡ የውሃ ቱቦ የሚሆን ፕላስቲክ፣ የሱፍ ጨርቅ፣ ፎይልና መርፌ በቂ ነው፡፡ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የጨው ውሃ አድርጎ፣ ከውጪ ፎይል ጠቅልሎ የላይደን ጠርሙስ መስራት ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ትንሽ ይበቃል፡፡ ብዙ ጠርሙስ ማገናኘት ጠብታዋን ጄሪካን ማድረግ ነው፡፡ ፍራንክሊን ራሱ እ.ኤ.አ በ1750 ከሁለት ትላልቅ ጠርሙሶች በስህተት ነዝሮት የደረቱ አጥንት ለሳምንት ያህል አሞታል፡፡

ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚገናኝ ምንም ነገር አይግባበት፡፡ ማይክሮዌቭም ሆነ አሮጌ ቴሌቪዥን ሶኬቱ ቢነቀልም አይፈታ፡፡ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አጠገቡ አይቁም፡፡ ነዳጅና አልኮል ባለበት ቤት ብልጭታ አይሞከር፡፡ በክረምት ደግሞ ማንም ወደ ሰማይ ሽቦ እንዳይዘረጋ፡፡ እ.ኤ.አ በ1753 ጆርጅ ሪችማን የተባለ ሳይንቲስት በሴንት ፒተርስበርግ የመብረቅን ኤሌክትሪክ ሊለካ ሲል በመብረቁ ሞቷል፡፡

ቅዳሜ ደረሰ፡፡ የእህቴ ልጅ ለሰውዬው ደውሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፡፡ «የመንኮራኩሯን ጫፎች በሰም ብንደፍናቸው ትዞራለች?» ሰውዬው «አንተ ገና ስላልሰለጠንክ ነው» ብሎ ዘጋው፡፡ ቀብዱን እንዲመልስለት በኋላ ሲደውል ስልኩ አይነሳም፤ አሁንም አይነሳም፡፡ 3 ሺህ ብሩ ሄደ፤ 22 ሺህ ብሩና ልጁ ግን አሉ፡፡

ባለፈው እሁድ ደግሞ መጣ፡፡ በዚህ ጊዜ ስልኩን አላወጣም፡፡ ከኪሱ ያወጣው በፎይልና በሃይላንድ ጠርሙስ የሰራትን ሽክርክሪት ነው፡፡ ለታናሽ እህቱ ሊያሳያት በፕላስቲክ ቱቦና በእናቱ የሱፍ ነጠላ ሹራብ እየፈተገ አዞራት፡፡ እህቱ አጨበጨበች፡፡ ከዚያ «ማን ነው የሚያዞራት?» ብላ ጠየቀችው፡፡

«እኔ ነኝ» አላት፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡